ከከብት ኮቴ ሥር የምትውለው መንገደኛ

የዛሬው ዝግጅታችን ከግጦሽ ሜዳ አይወጣም። ከተማ ያላችሁም አብራችሁን ቆዩ፤ የምናወራላት ወፍ ከተማ ዳር ካለ ኳስ ሜዳም አትጠፋም።

ከብት ያገደ ሰው ሁሉ ይህችን ወፍ አይቷታል፤ ልብ ያላት ግን ጥቂት ነው። በሬው ሣሩን እየነጨ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ከፊት እግሩ አጠገብ ቀጠን ያለች፣ እግሯም ጅራቷም ረዘም ያለ ወፍ ኩስ ኩስ እያለች ትከተለዋለች። እንደ ብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች አትዘልም፤ እግሯን እያፈራረቀች ትራመዳለች። ቆም ስትል ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ትወዘውዛለች። ኮቴው ሣሩን ሲረግጠው ተደብቆ የነበረ ዝንብ ወይም ትንሽ ፌንጣ ብር ይላል። እሷም ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጣ፣ ካስፈለገም ከመሬት ብድግ ብላ፣ በመንቁሯ ቀልባው ትመለሳለች። በሬው አያባርራትም፤ እሷም አትፈራውም።

የሳይንስ ስሟ ሞታሲላ ፍላቫ ነው። በዚህ ስም መዝግቦ ያስቀመጣት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1758 ነበር። በእንግሊዝኛ የሎው ዋግቴይል ይሏታል። እኛ ለዛሬው ቢጫዋ ጅራተ ወዝዋዥ እንበላት፤ በአካባቢያችሁ የምትጠሩበት ስም ካላት ደግሞ በእሱ ጥሯት። ከመንቁሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 16 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ ከዚህም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጅራት ነው። ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትመዝኑ ከእሷ ጋር ይስተካከላል።

በሜዳ ለመኖር የተሠራች መሆኗን ለማወቅ እግሯን ማየት ይበቃል። የኋለኛው ጣቷ ጥፍር ረጅምና ብዙም ያልታጠፈ ነው። ቅርንጫፍ ጨብጣ የምትውል ወፍ ጥፍሯ ቆልመም ያለ ይሆናል፤ ይህችኛዋ ግን ውሎዋ መሬት ላይ ስለሆነ ረጅሙ ጥፍር በተረጋገጠ ሣርና በለስላሳ ጭቃ ላይ ደግፎ ያቆማታል። ጅራቷን ለምን እንደምትወዘውዝ የሚነገረው ብዙ ነው። ነፍሳትን ለማስበርገግ ነው የሚሉ አሉ። ነጯን ዘመዷን ይዞ የተደረገ ጥናት ግን ወደ ሌላ መልስ ያደላል፦ ውዝዋዜው ለጭልፊትና ለመሰሎቹ «አይቼሃለሁ፣ ነቅቻለሁ» የሚል መልእክት ነው። እኔ ይህኛው ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም ነፍሳት ፍለጋ ላይ ባልሆነችበት ጊዜም መወዝወዟን አትተውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህች ወፍ ዓመቱን ሙሉ እኛ ዘንድ አትኖርም። ዓይኑ የጠፋብንን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለው የለ? ቢጫዋ ጅራተ ወዝዋዥ በእውነትም በመስከረም የምትመጣ ናት። የመጀመሪያዎቹ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይታያሉ፤ ዋናው ሰልፍ በመስከረምና በጥቅምት ይገባል። ስትመጣ ግን ማንም ልብ አይላትም፤ አደይ አበባው ሜዳውን በቢጫ ሲሸፍነው እሷ ቢጫነቷን ደብቃ ነው የምትደርሰው። ጀርባዋ ቡናማ አረንጓዴ፣ ሆዷ የደበዘዘ ቢጫ ነው። በተለይ የዓመቱ ጫጩቶች አቧራ የለበሱ ነው የሚመስሉት። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ላባዋን ትቀይራለች፤ ወንዱም ከጉሮሮው እስከ ጅራቱ ሥር ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ልብሷን አሳምራ ስትጨርስ ታዲያ ትሄዳለች። ቁንጅናዋን የሚያየው ሌላ አገር ነው።

የት ነው የምትሄደው? መልሱ አንድ አይደለም። መጋቢት ላይ አንድ የከብት መንጋ ውስጥ ገብታችሁ የወንዶቹን ራስ ተመልከቱ። የአንዱ ራስ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፤ የዚህ አገሩ የባልካን አገሮች፣ ቱርክና ኢራን ነው። የሌላው ራስ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው፤ እሱ ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ ኡራል ተራሮች ባለው ምድር ይፈለፈላል። ጠቆር ያለ ግራጫ ራስ ያለው፣ ነጭ መስመሩም የሌለው የስካንዲኔቪያና የሰሜን ሩስያ ተወላጅ ነው። ራሱም እንደ ሆዱ ቢጫ የሆነው ከታችኛው ቮልጋና ከካዛኽስታን የመጣ ነው። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ልዩነታቸው የንዑስ ዝርያ ነው። እዚህ ሳሉ አንድ ሜዳ ላይ ተቀላቅለው ይበላሉ፤ ሲመለሱ ግን እያንዳንዱ ወደ ትውልድ ቀዬው ይለያል። ወደ ሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚሄደው ከአዲስ አበባ ቢነሳ ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አለበት።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ያነጋገረ ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለች ወፍ የመሄጃ ጊዜዋ መድረሱን በምን ታውቃለች? አውሮፓ ውስጥ ቢሆን መልሱ አያስቸግርም፤ በክረምትና በበጋ መካከል የቀኑ ርዝመት በብዙ ሰዓት ስለሚለያይ እሱ ራሱ ምልክት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ወደ ደቡብ ወርዶ የምድር ወገብ ላይ ላለ ወፍ ደግሞ ልዩነቱ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል።

ስዊድናዊው ካይ ካሪ ሊንዳል ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ኮንጎ ውስጥ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ እነዚህኑ ወፎች አጥንቷል፤ ውጤቱን ያሳተመውም በአውሮፓውያን 1958 ነው። ያገኘው ነገር የሚደንቅ ነው። በአንድ መስክ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር የሚውሉ ወፎች የመሄጃ ዝግጅታቸው ለየቅል ሆነ። ደቡብ አገር የሚፈለፈሉት ቀድመው ላባ ቀየሩ፣ ቀድመው ሰቡ፣ ቀድመውም ሄዱ። የሰሜኖቹ ገና አልተነቃነቁም ነበር። እኛም አገር ጥቁር ራሶቹ በየካቲትና በመጋቢት መመናመን ይጀምራሉ፤ የስካንዲኔቪያዎቹ እስከ ሚያዝያ፣ አንዳንዴም እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይቆያሉ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ቱርክ ውስጥ በመጋቢት ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ በዚያው ጊዜ በሰሜን ስካንዲኔቪያ ያለችው ላፕላንድ ገና በበረዶ ሥር ናት። ቀድሞ የደረሰ ወፍ በረሃብ ያልቃል።

ምልክቱ ከውጭ ካልመጣ ከውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ግቪነር ነው። በአውሮፓውያን 1967 ባወጣው ጥናት፣ አፍሪካ የሚከርሙ ሌሎች ትናንሽ ወፎችን ይዞ፣ ቀኑ 12 ሰዓት ሌሊቱም 12 ሰዓት በሆነበት ክፍል ውስጥ አቆያቸው። ፀሐይ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ወቅት የለም። ሆኖም ወፎቹ በየጊዜያቸው ላባ ይቀይሩ፣ የጉዞ ወቅት በሚሆንበት ጊዜም ሌሊት ሌሊት በሽቦ ቤታቸው ውስጥ ይቁነጠነጡ ነበር። በኋላም በተመሳሳይ ሙከራዎች አንድ ነገር ታየ፤ የወፎቹ «ዓመት» ብዙውን ጊዜ ከ12 ወር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ይህ ስሕተት አይደለም፤ ዋናው ማስረጃ ነው። ሳይንቲስቶቹ ያላስተዋሉት የውጭ ምልክት ቢኖር ኖሮ ዑደቱ ልክ አንድ ዓመት ይሞላ ነበር። የሰዓቱ ቆጣሪ በሰውነታቸው ውስጥ ያለ በመሆኑ ግን፣ በተፈጥሮ ብርሃን ካልተስተካከለ ቀስ በቀስ ይዛነፋል።

አቅጣጫውስ? ወጣቶቹ ወፎች ከዚህ በፊት አፍሪካን አይተው አያውቁም። በዚህ ነገር ላይ የሆላንዱ ፐርዴክ ያደረገውን ሙከራ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል፤ ወፎቹ ሌላ ዓይነት፣ ስታርሊንግ የሚባሉ ቢሆኑም። ዘ ሄግ ከተማ አካባቢ ለክረምቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱ ከ11000 በላይ ወፎች ያዘ፤ በአውሮፕላን አሳፍሮም ስዊዘርላንድ ወስዶ ለቀቃቸው። መንገዱን ቀድሞ የሚያውቁት አሮጌዎቹ መወሰዳቸው ገብቷቸው አቅጣጫቸውን አስተካከሉና ወደ ለመዱት ክረምት ማሳለፊያ፣ ወደ ሰሜን ፈረንሳይና ደቡብ እንግሊዝ በረሩ። በዚያ ዓመት የተፈለፈሉት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀጠሉና ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ወረዱ። ወጣት ወፍ ሲፈለፈል ይዞት የሚወለደው አቅጣጫን ነው፤ የቦታ እውቀት ግን በዕድሜ ይመጣል።

የመሄጃው ጊዜ ሲቃረብ ወፏ መብላት ታበዛለች። ስንቋን የምትይዘው ስብ አድርጋ ነው፤ የክብደቷን ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጨምራለች። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች በመረብ ይይዙና በጀርባዋ መዳፋቸው ላይ አስተኝተው የደረቷን ላባ እፍ ይሉታል። ላባው ሲከፈት ቆዳዋ ከወረቀት የሳሳ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። በጥቅምት የያዟት ወፍ ሥጋዋ ቀይ ነው፤ በመጋቢት ያው ቦታ ከጉሮሮዋ ሥር ካለው ጎድጎዳ ጀምሮ በቢጫ ስብ ተሞልቶ ያገኙታል። ሰሐራንና ሜዲትራኒያንን የምታቋርጠው በዚያ ስብ ነው። ስቡ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከእኛ ዝንብና ትንኝ ነው።

በዚህ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ስማቸው የሚነሳው እንግሊዛዊው ጆን አሽ ናቸው። በአውሮፓውያን 1970ዎቹ አገራችን ሲሠሩ ከሰሜን የሚመጡትን ወፎች እየያዙ ቁጥር ያለው ቀለበት በእግራቸው ያስሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በአውሮፓውያን 2009 ከጆን አትኪንስ ጋር የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች የት የት እንደሚገኙ የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል።

በትውልድ አገሯ ያለውን ኑሮዋን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወንዱ አጥር ወይም ረዘም ያለ ተክል ላይ ወጥቶ ይዘምራል። እውነቱን ለመናገር ዜማው ይህን ያህል የሚያስቀና አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ድምፅ ነው። ሴቷ ከሣር ሥር መሬቱን ጎድጎድ አድርጋ በደረቅ ሣር ጎጆዋን ትሠራለች፤ ውስጡንም በከብትና በፈረስ ፀጉር ታለሰልሰዋለች። ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹም ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ጎጆውን ይለቃሉ። ያ ሁሉ ጥድፊያ የሰሜኑ በጋ አጭር ስለሆነ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ እዚያ የምትቆየው አራት ወር ገደማ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ የምትኖረው ከስድስት ወር በላይ ነው። አውሮፓውያን የእኛ ወፍ ናት ይላሉ፣ እኛም እንግዳ ናት እንላለን። በቆይታዋ ከመዘንነው ግን እንግድነቷ ለእነሱ ነው።

ስለ አበላሏ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ኒክ ዴቪስ በአውሮፓውያን 1977 ያሳተመው ጥናት የተሠራው ኦክስፎርድ አጠገብ ባለ የጋራ ግጦሽ ላይ ነው። ጥናቱ ጅራተ ወዝዋዦች እበት ላይ የሚያርፉ ዝንቦችን እንዴት እንደሚመርጡ ነበር። ትልቁ ዝንብ ብዙ ሥጋ አለው፤ ነገር ግን ለመያዝና ለመዋጥ ጊዜ ይፈጃል። ትንሹ ወዲያው ይዋጣል፣ አይጠቅምም። ወፎቹ ያጠፉትን ጊዜ በደንብ የሚክስላቸውን መካከለኛውን ይመርጡ ነበር። በመስክ ላይ ይበልጥ የሚገኘው የትኛው ነው ሳይሆን የትኛው ያዋጣል ብላ የምትበላ ወፍ ናት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ቀኑን ተበትነው የዋሉት ይሰበሰባሉ። ማደሪያቸው ውኃ ዳር ያለ ሸምበቆ ወይም ረጅም ቄጠማ ነው፤ የሸንኮራ አገዳ እርሻም ይስማማቸዋል። ከየአቅጣጫው በትናንሽ ቡድን እየመጡ ይወርዳሉ፤ ሲነጋ እንደገና ወደየከብቱ ይበተናሉ።

ወፏ በዓለም ደረጃ ልትጠፋ ነው የምትባል አይደለችም። አውሮፓ ውስጥ ግን በብዙ ቦታ ቁጥሯ ቀንሷል፤ ብሪታንያ ከአውሮፓውያን 2009 ጀምሮ ሁኔታቸው የሚያሳስብ ወፎችን በምትይዝበት ቀይ መዝገቧ ውስጥ አስገብታታለች። እርጥብ ሜዳዎች ደርቀው ታረሱ፣ ሣሩ ጫጩት ሳይወጣ ይታጨዳል፣ ፀረ ተባይ ይረጫል፣ ከብቱም በረት ውስጥ ይውላል። የእኛስ? የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ብሎ 69 ቦታዎችን መዝግቧል። የሱሉልታ ሜዳና የፎገራ ሜዳ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሱሉልታን ዛሬ በመንገዱ ያለፈ ሰው ሕንጻና ፋብሪካ ከሜዳው ምን ያህል እንደወሰደ ያያል። ፎገራ በከብቷ የታወቀች ነበረች፤ አሁን በሩዝ ነው ስሟ የሚነሳው። ሩዙ ለገበሬው እንጀራ ነው፤ ይህን የሚከራከር የለም። ግጦሹ ሲጠብ ግን ከብቱም ወፏም አብረው መጥበባቸው አይቀርም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የከብት መድኃኒት ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ትል መድኃኒት ከከብቱ ሆድ ከእበት ጋር ይወጣል፤ እበቱ ውስጥ የሚያድጉትን የዝንብና የጢንዚዛ እጮችም ይገድላል። ከብታችሁን አታክሙ አላልኩም! በልክና ሐኪም ሲያዝ ብቻ ስጡ ነው የምለው፤ ያለ ልክ መስጠት ከወፏ አልፎ እበቱን አፍርሶ መሬት የሚያገባውን ጢንዚዛም ይጎዳል፤ ያም ሣራችሁን መጉዳት ነው።

ታዳጊ አድማጮቻችን፣ በተለይ ከብት የምታግዱ፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በመጪው የካቲትና መጋቢት ወንጭፋችሁን ቤት አስቀምጡና ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ውጡ። ከከብቶቻችሁ እግር ሥር ያሉትን ቢጫ ወንዶች ራሳቸውን ብቻ እያያችሁ ቁጠሩ፦ ስንት ጥቁር ራስ፣ ስንት ሰማያዊ ግራጫ፣ ስንት ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ስንት ቢጫ ራስ። ቀኑንና የሜዳውን ስም ጻፉ። በሳምንቱ ያንኑ ሜዳ መልሳችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ የሚጎድለው የትኛው ራስ እንደሆነ ከመዘገባችሁት በኋላ ለሳይንስ አስተማሪያችሁ አሳዩ፤ ለዚህ ዝግጅትም ላኩልን፣ በስማችሁና በቀበሌያችሁ እናነብበዋለን።